ከሌክቸር አዳራሽ እስከ ጤና ጣቢያ፦ በአገራችን ሐኪም እንዴት ሲሠለጥን ኖረ?

አስኮ በምሠራበት ክሊኒክ አንዲት ወጣት ጠቅላላ ሐኪም አብራኝ ትሠራለች። ከተመረቀች ገና ሁለት ዓመቷ ነው። በአንድ ዝናባማ ከሰዓት፣ ታካሚ ቀለል ብሎልን ቡና ስንጠጣ፣ «ዶክተር፣ እናንተ በሌክቸር ነው የተማራችሁት ወይስ በቡድን?» ብላ ጠየቀችኝ። «በሁለቱም» አልኳት። እሷ ግን አልለቀቀችኝም። «እሺ፣ ሐኪም ያደረገዎት የትኛው ነው?»

ቶሎ መመለስ አቃተኝ። የዳግም መገናኛ በዓላችን አዘጋጆች «ለመጽሐፉ አንድ ነገር ጻፊልን» ሲሉኝም መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ይኸው ጥያቄ ነው። እናም ውድ የጅማ ልጆች፣ ትዝታ ብቻ ከማወራችሁ፣ ከታሪኩ ጀምሬ ለዚያች ልጅ ያልሰጠኋትን መልስ እዚህ ልሞክረው። ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ሌላ ሲሆን እናገራለሁ።

አንዱ ያነባል፣ ሌላው ይጽፋል

«ሌክቸር» የሚለው ቃል ራሱ የመጣው ማንበብ ከሚለው የላቲን ቃል ነው። በመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች መጽሐፍ በእጅ የሚጻፍ ውድ ዕቃ ስለነበረ አንድ መምህር ቆሞ ያነባል፣ ተማሪው ተቀምጦ ይጽፋል። ማተሚያ ቤት ከመጣ በኋላም ልማዱ አልተወም። በ1910 አብርሃም ፍሌክስነር የአሜሪካንና የካናዳን 155 የሕክምና ትምህርት ቤቶች ዞሮ አይቶ ባወጣው ዘገባ ከነቀፋቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነበር፤ ላቦራቶሪም ሆነ የታካሚ አልጋ ሳያዩ በወሬ ብቻ የሚመረቁ ሐኪሞች።

የእኛ የመጀመሪያዎቹ ሐኪሞች የተማሩት ውጭ አገር ነው። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በላሆር፣ ዶክተር መላኩ በያን በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተምረዋል። አገር ውስጥ ሐኪም ማሠልጠን የተጀመረው በ1964 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ሲከፈት ነው። አካሄዱም በዚያን ጊዜ በዓለም ሁሉ የታወቀው ነበር፤ መጀመሪያ አዳራሽ ውስጥ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ፣ ከዚያ ዋርድ። አብዛኞቻችን የምናውቀውም ይህንኑ መስመር ነው። ለአንድ ወፍራም መጽሐፍ ወረፋ የሚያዝ ከሆነ፣ የሌክቸር ደብተር የነፍስ ዋጋ ነበረው። ጽሑፏ የሚነበብ ልጅ በባቹ ሁሉ ትከበራለች፤ ደብተሯም ፎቶ ኮፒ ቤት ያድራል።

ሌክቸርን ግን ዝም ብዬ አላማውም። አንድ መምህራችን የልብ ድምፆችን ሲያስተምሩ መሣሪያ አልነበራቸውም፤ በአፋቸውና በመዳፋቸው ጠረጴዛ እየመቱ፣ ጤነኛውን ልብና የጠበበውን ቫልቭ ለየብቻ አሰሙን። ዛሬም ስቴቶስኮፕ ደረት ላይ ሳሳርፍ የሚሰማኝ የሳቸው ጠረጴዛ ነው። አንድ ሰው ለሁለት መቶ ሰው፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ጠመኔ እንዲህ ያለ ነገር መስጠት ከቻለ ርካሽም ግሩምም ትምህርት ነው።

ጎንደር የጀመረው፣ ጅማ የወረሰው

በአገራችን የቡድን ሐሳብ ከሕክምና ፋኩልቲው ይቀድማል። በ1953 ወባ ደምቢያን ክፉኛ መታ። በሚቀጥለው ዓመት መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ መንግሥት እርዳታ ጋር ሆኖ የጎንደርን የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ከፈተ። በአገሪቱ የነበሩት ሐኪሞች በጣም ጥቂት ስለነበሩ እነሱን እንጠብቅ ቢባል ገጠሩ ያልቃል። ስለዚህ ኮሌጁ የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒተሪያን ማሠልጠን ጀመረ። ሦስቱ እዚያው አንድ ግቢ ተምረው አንድ ጤና ጣቢያ ላይ አብረው እንዲሠሩ ነበር የታሰበው። አንዱ ያክማል፣ አንዷ እናቶችንና ሕፃናትን ትከታተላለች፣ አንዱ ውኃውንና መጸዳጃውን ያያል። ቡድን ያኔ የማስተማሪያ ዘዴ ስም አልነበረም፤ የጤና ጣቢያው አሠራር ራሱ ነው።

በ1978 ጎንደር ላይ በላይፕሲግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ እርዳታ የሐኪሞች ሥልጠና ተጀመረ። በዚያው ዓመት ዓለም በአልማ አታ ተሰብስቦ «መሠረታዊ የጤና አገልግሎት ለሁሉም» አለ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1983፣ የእኛ ቤት የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ተወለደ። ከግብርና ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ በ1999 ዩኒቨርሲቲ እስኪሆን ድረስ በዚያ ስም ኖረ። ከመጀመሪያው ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት ነው የያዘው። ገና ከታች ክፍል ጀምሮ ተማሪው ቀበሌ ይመደብለታል፤ ቤት ለቤት ዞሮ ይቆጥራል፣ ችግሩን ይለያል፣ በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ መፍትሔ ይሞክራል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ሁላችሁም የምታስታውሱት «ቲቲፒ» አለ፤ የሕክምና፣ የነርስ፣ የላቦራቶሪ፣ የፋርማሲና የአካባቢ ጤና ተማሪዎች አንድ ላይ ተጭነው አንድ ጤና ጣቢያ የሚወርዱበት።

እኔ የደረሰኝ አሰንዳቦ ነበር። አንድ ሕፃን ለሦስተኛ ጊዜ በተቅማጥ መጣ። እኔ እንደ ደንቡ የድርቀቱን መጠን ለይቼ፣ ኦአርኤስና ዚንክ አዝዤ፣ «በደንብ ስጪው» ብዬ እናቱን ላሰናብት ነበር። የላቦራቶሪው ልጅ ሰገራውን አይቶ «ጃርዲያ አለ» አለ። የአካባቢ ጤናው ልጅ «ውኃ የምትቀዱት ከየት ነው?» ብሎ ጠየቀ። እኔ አፋን ኦሮሞ አልችልም፤ ያስተረጎመችልን የነርሷ ተማሪ ናት። ማግስቱን ሄደን ምንጩን አየነው፤ መጸዳጃው ከላይ፣ ምንጩ ከታች። ያን ቀን ተቅማጥን ከማውቀው በላይ ያወቅኩ መሰለኝ። በፈተናም አልተጠየቅኩም።

አንዲት ሌሊት

እስካሁን ላነበበኝ ሰው መልሱ ግልጽ ይመስላል፤ ቡድን ይበልጣል ልል ነው። ቆይ ግን።

ከተመረቅኩ ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ የገጠር ሆስፒታል ተረኛ ነበርኩ። አንዲት እናት ከወለደች በኋላ ደሟ አልቆም አለ። ከወሊድ በኋላ ደም የሚያፈሱትን ነገሮች በሌክቸር የተማርነው በአራት «ቲ» ነው፤ ቶን፣ ትራውማ፣ ቲሹ፣ ትሮምቢን። በአንድ ትንፋሽ እላቸዋለሁ። ኦክሲቶሲን ሰጠን፣ ማሕፀኗን ከላይ አሸሁ፣ ልስልስ እንዳለ ነው። እኔ ወደ ሁለተኛው «ቲ» ሄጄ፣ የተቀደደ ነገር ካለ ብዬ መብራት አምጡ፣ ስፔኩለም አምጡ እላለሁ። ጠና ያሉ አዋላጅ ነርስ አጠገቤ ነበሩ። «ዶክተር፣ ፊኛዋ ሞልቷል እኮ» አሉኝ። «እሺ ሲስተር» አልኩና ቀጠልኩ። ደግመው አሉኝ። አልሰማሁም። በሦስተኛው ምንም አላሉም፤ ራሳቸው ካቴተር አስገቡ። ሽንቱ እየወጣ ሲሄድ፣ ማሕፀኗ ከእጄ ሥር ተኮማትሮ እንደ ኳስ ጠነከረ። ደሙም ቀነሰ።

ሴትዮዋ ዳነች። እኔ ግን ሲነጋ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሻንጣዬ ውስጥ የነበረውን የማሕፀንና ጽንስ ደብተሬን አወጣሁ። «የሽንት ፊኛ ባዶ መሆኑን አረጋግጥ» የሚለው እዚያው ነበር፤ በራሴ ጽሕፈት፣ ሥሩም ተሰምሮበት። የሞላ ፊኛ ማሕፀንን እንዳይኮማተር እንደሚያግደው በሌክቸር ተነግሮኛል። ቲቲፒም ወርጃለሁ፣ ከነርስ ተማሪ ጋር አንድ ድስት በልቻለሁ። ሁለቱንም ተምሬ ያን ሌሊት ሁለቱም አልጠቀሙኝም። ዕውቀቱ በደብተር አለ፣ ሰውየዋ አጠገቤ ቆመዋል፤ እኔ ግን ጋዎን ለብሻለሁና መታረም አልችልበትም።

አሰንዳቦን መልሼ ሳስበው፣ እዚያም ያረመኝ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ሌሎቹ እኔ ባልኩት ላይ ጨመሩልኝ እንጂ «ተሳስተሻል» አላሉኝም፤ እኔም ብሆን የሕክምና ተማሪ ነኝና ራሴን እንደ ቡድን መሪ አድርጌ እቆጥር ነበር።

ቁጥሩ ሲበዛ

እስከ 2000ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ሐኪም የሚያስመርቁት የአዲስ አበባ፣ የጎንደርና የጅማ ትምህርት ቤቶች ብቻ ነበሩ። በ2003 መቀሌና ሐዋሳ ተጨመሩ። ከአስኮ ታክሲ ይዤ ወደ ፒያሳ ስሄድ በዊንጌት በኩል በበሩ የማልፈው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2007፣ በእኛ 2000 ዓ.ም.፣ የሕክምና ኮሌጅ ከፈተ፤ ስሙ ላይ «ሚሌኒየም» ያለውም ለዚህ ነው። ኮሌጁ ትምህርቱን በሞጁል አዋሕዶ፣ ችግርን መነሻ ያደረገ ትምህርት ቀላቅሎ ነው የጀመረው። በ2012 ደግሞ በአዲሱ የሕክምና ትምህርት መርሐ ግብር 13 ተቋማት በአንድ ጊዜ ተከፈቱ፤ ዲግሪ ያላቸውን ሰዎች ተቀብለው ሐኪም ማድረግ ያዙ። ጤና መኮንን፣ ነርስና አዋላጅ የነበረ ሁሉ ሐኪም ለመሆን ደብተር ያዘ።

ችግርን መነሻ ያደረገው ትምህርት ከካናዳ የመጣ ነው። ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ በ1969 የሕክምና ትምህርት ሲጀምር የተቀበለው 20 ተማሪ ነበር። ጥቂት ተማሪዎች ከአንድ አስጠኚ ጋር ከበው ተቀምጠው አንድ በሽተኛ ወረቀት ላይ ያጠናሉ። ለ20 ሰው ጥሩ ነው። መቶና ሁለት መቶ ለሚሆን ባች ግን ያን ሁሉ አስጠኚ ከየት ታመጣለህ? በስም ቡድን ተብሎ፣ በተግባር ሌክቸሩ የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው።

ሌላም ነገር ነበረብን። በዚያው ዘመን ካምፓስ የነበራችሁ ታውቃላችሁ፤ «ቡድን» ሲባል ተማሪው የሚያስበው አንድ ለአምስትን ነበር። አደረጃጀቱ ከላይ የወረደ ስለነበረ ስሙ ብቻውን ያስቀይም ነበር። አንዱ ቸካይ አሳይመንቱን ይሠራል፣ አምስቱ ስማቸውን ይጽፋሉ፣ ውጤቱ እኩል ነው። ከዚህ የተማረው ትውልድ ቡድንን ቢጠላ አይፈረድበትም።

አዳራሹን ሳይለቁ

ቲም ቤዝድ ለርኒንግ የሚባለው ዘዴ መነሻው ሕክምና አይደለም። በ1970ዎቹ መጨረሻ በኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ ቢዝነስ የሚያስተምር ላሪ ማይክልሰን የሚባል መምህር የክፍሉ ቁጥር ከ40 ወደ 120 አሻቀበበት። እሱ ግን ወደ ሌክቸር መመለስ አልፈለገም። አንድ መምህር ብቻውን፣ አንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ብዙ ቡድኖችን የሚያሠራበትን መንገድ አበጀ። የሕክምና ትምህርት ቤቶች የወሰዱት ከ2000 ወዲህ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ተማሪው አስቀድሞ አንብቦ ይመጣል። ክፍል ሲገባ አጭር ፈተና ለብቻው ይፈተናል፤ ይሰበሰባል። ከዚያ ያንኑ ፈተና ከአምስት እስከ ሰባት ሆነው በቡድን ይሠሩታል። መልሱ የሚሰጠው በሚፋቅ ወረቀት ነው፤ ልክ የሞባይል ካርድ እንደምንፍቀው። ትክክል ከሆነ ምልክቱ ይወጣል፤ ካልሆነ ባዶ ነው፣ ደግማችሁ ፍቁ፣ ማርክ ግን ይቀንሳል። የተቃወመ ቡድን መጽሐፍ ጠቅሶ ይሟገታል። መምህሩ የሚናገረው ተማሪው የሳተው ላይ ብቻ ነው። ቀጥሎ ሁሉም ቡድን አንድ ዓይነት ታካሚ ይሰጠውና «አሁን የምታደርጉት የመጀመሪያ ነገር ምንድነው?» ተብሎ አንድ ምርጫ ይመርጣል፤ ካርዱንም ሁሉም በአንድ ጊዜ ያነሣል፤ የሌላውን አይቶ መቀየር የለም። መጨረሻ ላይ ጓደኛ ጓደኛውን ይገመግማል። ስሙን ብቻ የሚጽፍ ሰው እዚህ ቦታ የለውም።

እኔም በትርፍ ሰዓቴ በማስተምርበት አንድ ኮሌጅ ልሞክረው ብዬ ተነሣሁ። የመጀመሪያው ቀን ውርደት ነበር። አርባ ገጽ እንዲያነቡ ሰጥቼ ማንም አላነበበም። ተናድጄ ሃምሳ ደቂቃ ሌክቸር ሰጥቼ ወጣሁ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን አርባ ገጽ ለሌላ አራት ትምህርት በሚያጠና ልጅ ላይ ጥፋቱ የኔ ነው። በሚቀጥለው ስድስት ገጽ ሰጠሁ። ታካሚዋንም ከራሴ ሕይወት አመጣሁ፤ ያችን የገጠር ሌሊት፣ ማንነቷ ሳይታወቅ። ኦክሲቶሲን ተሰጥቷል፣ ማሕፀን ልስልስ ነው፣ ከእምብርቷ በላይ ወጥቶ ወደ ጎን ዘንበል ብሏል፤ አሁን ምን ታደርጋላችሁ?

አንደኛው ቡድን ውስጥ ቀድሞ አዋላጅ የነበረች ዝምተኛ ተማሪ ነበረች። ለብቻዋ በሠራችው ፈተና መልሷ ትክክል ነው። ቡድኑ ውስጥ ግን አንድ ፈጣን፣ እንግሊዝኛው የሚፈስ ልጅ ሁሉንም አሳመናቸው። ፋቁ፤ ባዶ። እንደገና ፋቁ፤ ባዶ። ያኔ አንዷ «እንዴ፣ እሷ ከመጀመሪያው ፊኛ ብላ ነበር እኮ!» አለች። ሁሉም ዞሮ አያት። ከዚያ ቀን በኋላ ያ ፈጣን ልጅ ካርድ ከመፋቁ በፊት «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ማለት ጀመረ። እኔ ያንን ለመማር የደም ኩሬ ላይ መቆም ነበረብኝ፤ እሱ በሁለት ማርክ ተማረው።

ሌላም ያየሁት ነገር አለ። ትምህርታችን በእንግሊዝኛ ነው። በሌክቸር ጊዜ ያልገባው ተማሪ አንገቱን ይነቀንቃል፣ እኛም ገባው እንላለን። በቡድን ሲሆኑ ግን አንዱ ለሌላው በአማርኛ ወይ በአፋን ኦሮሞ ያስረዳዋል፤ በራሱ ቋንቋ ማስረዳት ያልቻለ ሰው ደግሞ እሱም እንዳልገባው እዚያው ይታወቃል። ለታካሚ የሚነገረውስ በዚያው ቋንቋ አይደል?

ይህ የኔ ትዝብት ነው፤ ጥናት አይደለም። ትልቁን ጥናት ለሚፈልግ በ2014 ፍሪማንና ባልደረቦቹ 225 ጥናቶችን አንድ ላይ አይተው ነበር። የሳይንስ፣ የምህንድስናና የሒሳብ ክፍሎች ናቸው፤ ሕክምና የለበትም። በሌክቸር ብቻ ከተማሩት የወደቁት 33.8 ከመቶ ሲሆኑ፣ ተማሪው በሚሳተፍባቸው ክፍሎች 21.8 ከመቶ ነበሩ። ቀላል ልዩነት አይደለም። ግን የፈተና ውጤት ነው። የኔ ሌሊት ችግር የፈተና አልነበረም፤ ያን ጥያቄ በወረቀት ቢያመጡልኝ እመልሰው ነበር።

መልሴ

ስለዚህ ለወጣቷ ሐኪም ያልኳት ይህን ነው። ሌክቸር ቃሉን ሰጠኝ፣ ሳልሰማው የማላውቀውን ነገር አሰማኝ። ጅማ ከሌሎች ሙያዎች ጋር አስቀምጦ ታካሚ ቤትና ምንጭ እንዳለው አሳየኝ። ሁለቱም ያላስተማሩኝ፣ ስሳሳት በሰው ፊት መታረምን ነው። በቡድን የመማር ጥቅሙ ለኔ ማርኩ አይደለም፤ የራስህን ውጤትና የቡድንህን ውጤት ጎን ለጎን አስቀምጦ «ያለ እነሱ ይህን ያህል ነህ» ማለቱ ነው። ሐኪም ይህን ታካሚ ሳይነካ ቢያየው መልካም ነው።

አንድ ነገር ግን ቅር ይለኛል። ዛሬ በብዙ ቦታ ቡድን የምንለው የሕክምና ተማሪን ከሕክምና ተማሪ ጋር ነው። ጎንደር በ1954 ያሰበው እንዲህ አልነበረም። አዋላጇ፣ የላቦራቶሪው ሰው፣ የአካባቢ ጤናው ባለሙያ ከሌሉበት ካርድ መፋቁ ግማሽ ትምህርት ነው። ሁለቱን የማጋጠም ዕድል ካለው ቤት አንዱ የእኛ ቤት ነው፤ ቲቲፒን ያህል ነገር በእጁ ይዟል።

ለዚህ ነው ለእናንተ የምጽፈው። ብዙዎቻችሁ ዛሬ ስፔሻሊስት ናችሁ፣ ከውጭም የምትመጡ አላችሁ። ለበዓሉ ጅማ ስንገናኝ «ለልጆቹ አንድ ሌክቸር ስጡ» መባላችሁ አይቀርም። ስላይዱን ተዉትና የተሳሳታችሁበትን አንድ ታካሚ ይዛችሁ ኑ፤ ስም አይጠቀስ። ጥያቄውን አንድ አድርጉት። አዳራሹ ውስጥ የነርስ፣ የአዋላጅና የላቦራቶሪ ተማሪዎች መቀመጣቸውን ጠይቁ፤ ከሌሉ ይጠሩ። ከዚያ ዝም በሉ፤ እነሱ ይከራከሩ። ለእኛ ለሐኪሞች ከባዱ ዝም ማለቱ ነው።

ወጣቷ ይህን ሁሉ ሰምታ ስታበቃ «ሲስተርን ከዚያ በኋላ አመሰገኗቸው?» አለችኝ። አላመሰገንኳቸውም። ያን ጠዋት አፍሬ በሌላ በር ነው የወጣሁት፤ ወዲያውም ተዛወርኩ። በሚቀጥለው ሰኞ ክሊኒካችን ከመከፈቱ በፊት ሃያ ደቂቃ ተቀመጥን፤ ሁለታችን፣ ነርሶቹ፣ የላቦራቶሪው ልጅና የካርድ ክፍሏ። ያለፈውን ሳምንት አንድ ታካሚ አነሣን። መጀመሪያ እንዲናገሩ ያደረግነው ነርሶቹን ነው። አሁንም በየሰኞው እንቀመጣለን።